ዊንድሰርፊንግ ከድሬዳዋ ወደ ባሕር ለሚወርድ ጀማሪ

የድሬዳዋ ሰው ባሕርን ያወቀው በባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን ከተማዋም የተቆረቆረችው በእርሱ ምክንያት ነው። ለንግድ፣ ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ አንድ ሰው እንኳ ወደ ጅቡቲ ያልወረደበት ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ለዕረፍት የሚወርድም አለ። ታዲያ ዳርቻው ላይ ቁጭ ብሎ ሻዩን ሲጠጣ ሞተርም መቅዘፊያም የሌለው ሰው፣ ቆሞ ሸራ ጨብጦ፣ በውሃው ላይ ሲንሸራተት ያያል። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ የታወቀ ነው፤ «ይህማ እኔንም አያቅተኝም!»

ጨዋታው ዊንድሰርፊንግ ይባላል። ከሩቅ ለሚያየው የጡንቻና የሚዛን ጉዳይ ይመስላል። ጀማሪን ለአደጋ የሚዳርገው ግን የጉልበት ማነስ አይደለም። ወደ ውስጥ መግባት ማንም የሚችለው ነገር ሲሆን፣ መመለስ ግን ለብቻው የሚማሩት ሙያ ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ በአብዛኛው ስለዚህ ስለ መመለሱ ነው።

ለመሆኑ ዕቃው ምንድን ነው?

ቆመው የሚነዱት ባለ ሸራ ጀልባ ነው ቢባል ያስኬዳል። የጀልባውን ቦታ የያዘው ግን ቦርድ የሚባል ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ቦርዱ ላይ ምሰሶ ይቆማል፣ ምሰሶው ሸራውን ይሸከማል። በሸራው ግራና ቀኝ ተጠማዞ የሚዞረው እጀታ ቡም ይባላል፤ እጃችን የሚይዘው እርሱን ነው። ከቡሙ ላይ የተንጠለጠለው ወፍራም ገመድ ውሃ ላይ የወደቀውን ሸራ ጎትቶ ማንሻ ነው። ከቦርዱ ሥር፣ ከኋላ በኩል፣ ፊን የሚባል የዓሣ ክንፍ የሚመስል ነገር አለ። በጀማሪ ቦርድ ላይ ከመሀል ወደ ታች የሚወርድ ሌላ ሰፊ ሰሌዳም ይጨመራል።

ዋናው ብልሃት ግን በቀላሉ ዓይን ውስጥ የማይገባው መጋጠሚያ ነው። ምሰሶው ቦርዱ ላይ ተቸንክሮ አልተተከለም፤ እንደ ትከሻችን በሁሉም አቅጣጫ በሚታጠፍ መጋጠሚያ ተያይዟል። አሜሪካውያኑ ጂም ድሬክና ሆይል ሽዋይዘር በ1968 እ.ኤ.አ. ለፈጠራ መብት ያመለከቱት በዚህ አሠራር ነው። ኒውማን ዳርቢ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ተቀራራቢ ነገር በ1964 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ስለነበር የቀዳሚነቱ ክርክር ረጅም ነው፤ ለእኛ ግን የሚጠቅመን መጋጠሚያው የሚያስገኘው ደኅንነት ነው። ሰውየው እጁን ሲለቅ ሸራው ውሃ ላይ ይተኛል፣ ነፋሱም የሚገፋው ነገር ያጣል፣ ቦርዱ ጥቂት ሄዶ ይቆማል። ፍሬኑ ይህ ነው፤ ሌላ ፍሬን የለም።

ሰማይ ላይ ባለ ትልቅ ካይት (በነፋስ በሚበር ጨርቅ) እየተጎተቱ ከሚደረገው ጨዋታ ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል። ሁለቱ ይለያያሉ። ካይት በረጃጅም ገመዶች ከሰውነት ጋር ይታሰራል፣ ሲሳሳቱበትም ሰውን ከውሃ ላይ ሊያነሳ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስን ለሚማር ሰው የወደቀ ሸራ ይሻለዋል።

ነፋሱ ከጎን እየነፈሰ ቦርዱ ወደ ፊት የሚሄደው እንዴት ነው?

አንድ የፈረስ ጋሪ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል እንበል። ፈረሱ ተፈትቷል። ጋሪውን ከጎኑ ሰያፍ አድርጋችሁ ብትገፉት ወደ ጎን አይሄድላችሁም፤ ጎማዎቹ አይፈቅዱም። ግፊታችሁ ግን በከንቱ አይቀርም፣ ጋሪው ጎማዎቹ ወደሚያመሩበት ወደ ፊት ይንከባለላል። ፊኑና የመሀል ሰሌዳው በውሃ ውስጥ የጎማን ሥራ ይሠራሉ። ነፋሱ ሸራውን በሰያፍ ይገፋል፣ እነርሱ የጎን መንሸራተቱን ይከለክላሉ፣ የሚተርፈው ኃይል ቦርዱን ወደ ፊት ይነዳዋል። ክልከላው ሙሉ ስላልሆነ ቦርዱ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ወደ ነፋሱ መድረሻ ይንሸራተታል። ይህችን «ትንሽ ትንሽ» አትርሷት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

መሪ የለውም። የሚታጠፈው በምሰሶው ነው። ምሰሶውን ወደ ቦርዱ አፍንጫ ሲያዘነብሉት አፍንጫው ከነፋሱ ይሸሻል፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብሉት ወደ ነፋሱ መምጫ ይዞራል። መሀሉ ላይ በአንድ ምስማር የተመታ ጣውላ ከፊቱ ቢገፉት አንድ ወገን፣ ከኋላው ቢገፉት ሌላ ወገን እንደሚዞረው ማለት ነው።

ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ግን በቀጥታ መሄድ አይቻልም። ከነፋሱ መምጫ በግራም በቀኝም 45 ዲግሪ ያህል ስፋት ያለው ዝግ ክልል አለ። አፍንጫው እዚያ ውስጥ ሲገባ ሸራው እንደ ታጠበ ነጠላ ይርገበገባል እንጂ አይጎትትም። ወደዚያ መሄድ የፈለገ ሰው ወደ ሐረር ሲወጣ በድንገጎ ዳገት መኪናው የሚያደርገውን ያደርጋል። ዳገቱ ፊት ለፊት አይወጣም፤ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ እየተጠመዘዙ ነው የሚወጣው። መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ያደርሳል። ጀማሪ ይህን ጥምዝምዝ በመጀመሪያው ቀን አይችለውም፤ የአደጋው ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ስንት ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይበቃል?

በሰዓት ከ10 እስከ 18 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆን ለጀማሪ መልካም ነው። የባሕር ሰዎች ነፋስን የሚለኩት በኖት ነው፤ 1 ኖት 1.852 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስለሆነ ይህ ከ5 እስከ 10 ኖት ገደማ ይሆናል። መለኪያ ለሌለው ሰው ቦፎርት የሚባለው የነፋስ ደረጃ ምልክቶች አሉት። በሦስተኛው ደረጃ የዛፍ ቅጠሎችና ቀጫጭን ቀንበጦች ሳያቋርጡ ይወዛወዛሉ፣ ቀላል ባንዲራ ይዘረጋል፣ ውሃው ላይ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ብቅ ይላል። ለጀማሪ ጣሪያው እዚህ ላይ ነው። አራተኛው ደረጃ ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ሲሆን ምልክቱን ድሬ ያደገ ሰው ሳይማር ያውቀዋል፤ አቧራና የተጣለ ወረቀት ያስነሳል። ከሰዓት በኋላ ፌስታል ይዞ የሚሄደው፣ ባለ ሱቁን በራፉን የሚያስዘጋው ነፋስ ማለት ነው። እርሱ ሲነሳ ጀማሪ ከውሃ ይወጣል።

«ከ15 ወደ 20 ቢጨምር ምን ለውጥ አለው?» የሚል አይጠፋም። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ10 ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል ብቻ ግፊቱ እጥፍ ለመሆን ምንም አይቀረው። ጠዋት እንደ ዶሮ ላባ የቀለለው ሸራ ከሰዓት በኋላ ሰውን አንጠልጥሎ የሚወረውረው ለዚህ ነው።

ውሃው ረጋ ካለ አደጋው የት አለ?

ይህን ጥያቄ በራሴ ላይ ነው የመለስኩት። ጅቡቲ ዳርቻ ላይ አንድ ሰው ቦርድ አከራየኝ። ነፋሱ ከጀርባዬ፣ ከየብስ ወደ ባሕር፣ ይነፍስ ነበር። ዳር ዳሩ ውሃው እንደ ትሪ ጠፍጣፋ፣ አንዲት ማዕበል የሌለበት ነበር፤ «ለመማር እንዲህ ያለ ቀን የት ይገኛል?» አልኩ። ሸራውን አነሳሁ፣ ሄድኩ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዞር ስል ዳርቻው ላይ ያሉት ሰዎች የጥፍር ያህል ሆነዋል። ከዚያ በኋላ ሸራውን ባነሳሁ ቁጥር የሄድኩት ወደ ውስጥ ብቻ ነው። በመጨረሻ ያወጣችኝ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ጀልባ ናት። ሽማግሌው በሶማልኛ «ከየት ነህ?» አሉኝ። «ከድሬ» ስል አብሯቸው ወዳለው ልጅ ዞረው «ድሬም ባሕር አለ እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ሕንፃው፣ ዛፉና ኮረብታው ዳርቻውን ይከልሉታል፤ ማዕበል ለመፈጠርም ርቀት ስለሚያስፈልገው ዳር ላይ ያለው ውሃ ረግቶ ይታያል። ከዳር በራቁ መጠን ግን ከለላው ይጠፋል፣ ነፋሱ ይበረታል፣ ማዕበሉም ያድጋል። መመለሻው ደግሞ ነፋሱ የሚመጣበት ወገን፣ ማለትም ያ ዝግ ክልል ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ይመስለኛል።

የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ደቻቱ አለለት። አሸዋው ደርቆ ሰው የሚሻገርበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ወንዝ ነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ጎርፍ ይዞ ይመጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። ደቻቱን ቆመንበት ባለው አሸዋ እንደማንመዝነው ሁሉ ባሕሩንም እግራችን ሥር ባለው ውሃ አንመዝነውም።

ለጀማሪ የሚመረጠው ከዳርቻው ጎን ለጎን የሚነፍስ፣ ትንሽም ወደ ዳር የሚገፋ ነፋስ ነው። በዚህ ነፋስ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው መሥመር ይሠራል፣ ቢሳሳቱም ባሕሩ መልሶ ወደ አሸዋው ያመጣል። በቀጥታ ከባሕር ወደ ዳር የሚነፍሰው አያርቅም፤ ነገር ግን ማዕበሉ ቦርዱን እየመለሰ ቁርጭምጭሚት ላይ ስለሚመታ ያሰለቻል። ከየብስ የሚነፍስ ከሆነ ያን ቀን መተው ነው፤ ምንም ያህል ብር ተከፍሎ ቢሆን።

ጅቡቲ ላይ ወቅቱ ለውጥ ያመጣል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ፣ ከባሕሩ ወገን ነው የሚመጣው። በእኛ ክረምት፣ በተለይ በሰኔና በሐምሌ፣ ካምሲን የሚሉት ሞቃትና አቧራማ ነፋስ ከምዕራብ፣ ከበረሃው ይነሳል። ትምህርት ቤት የሚዘጋውና ቤተሰብ ለዕረፍት የሚወርደው ግን በዚሁ ክረምት፣ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር በሚነፍስበት ጊዜ ነው። ካነሳሁት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዤ ልሂድ የሚል አንባቢ ካለ ይህን ይያዝ።

የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ ዕቃ አያስፈልግም። ሽርጥ ወይም ሻሽ ከፍ አድርጎ መያዝ ይበቃል። ካልሆነም ጆሮን ማመን ነው፤ ፊት ወደ ነፋሱ ሲዞር ድምፁ በሁለቱም ጆሮ እኩል ይሰማል።

ከቀኑስ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ጠዋት። ፀሐይ የብሱን ከባሕሩ ይልቅ ቶሎ ስለምታሞቀው ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቦታውን ለመያዝም ከባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ስለዚህ የባሕር ነፋስ ከረፋዱ ጀምሮ እየበረታ ከሰዓት በኋላ ላይ ይጠነክራል።

ሌላም ምክንያት አለ፣ በመጽሐፍ የማይጻፍ። ከእኛ ወገን የሚሄደው ጫት ጅቡቲ የሚገባው ወደ ቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ከተማው ይተኛል፣ ዳርቻውም ጭር ይላል። ነፋሱ በሚበረታበት ሰዓት ዓይኑን ውሃው ላይ የሚጥል ሰው አይኖርም ማለት ነው። ራሳችሁም ቅማችሁ ውሃ ውስጥ እንዳትገቡ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ በዚያ ላይ «እችላለሁ» የሚለውን ስሜት ያበዛል፤ ጀማሪ ደግሞ ይህ ስሜት ድሮም አይጎድለውም።

መዋኘት የማይችል ሰው መሞከር ይችላል?

አይችልም። አስቀድሞ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ቢያንስ 50 ሜትር መዋኘትና ሳይረበሹ ጥቂት ደቂቃ መንሳፈፍ መልመድ አለበት። የጨው ውሃ ከገንዳ ውሃ ይልቅ ሰውን ያንሳፍፋል፤ ግን መንሳፈፍና ወደፈለጉበት መሄድ አንድ አይደሉም።

ከዚያ በኋላ ሕይወት አድን ጃኬት ይለበሳል። ለዚህ ስፖርት የሚለበሰው ብዙ ጊዜ 50 ኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ) የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ለመንቀሳቀስ የሚመች ዓይነት ነው። ይህ ጃኬት ዋናተኛውን ያግዛል፤ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ የሚይዘው 100 ኒውተንና ከዚያ በላይ ያለው ነው። ገበያ ውስጥ የሚሸጠው የሚነፋ የልጆች ጎማ ከሁለቱም አይደለም። እግር ላይ ጫማ ያስፈልጋል፤ የጅቡቲ ዳርቻ ኮራልና እሾኻም የባሕር ፍጥረታት አሉበት። ልብሱም እጅጌው የረዘመ ቢሆን ይመረጣል። እኛ የበረሃ ሰዎች «ሙቀት ለምደናል» ብለን እንኩራራለን፤ ውሃ ላይ ግን ነፋሱ ቆዳን እያቀዘቀዘ ፀሐዩ ሲያቃጥል አይሰማም፤ የሚታወቀው ማታ አልጋ ላይ ነው።

ቦርዱ ሰፊና ትልቅ ይሁን። አንድ ሊትር የቦርድ ይዘት በግምት አንድ ኪሎ ያንሳፍፋል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ጀማሪ 200 ሊትር አካባቢ የሆነ ቦርድ ቢይዝ ሚዛን ለመጠበቅ የሚተርፍ ነገር ይኖረዋል። ሸራው በተቃራኒው ትንሽ ይሁን፤ ለአዋቂ 4 ካሬ ሜትር አካባቢ ይበቃል። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦሎምፒክ የሚታዩትን ተወዳዳሪዎች አይታችሁ ቀጭን ቦርድና ትልቅ ሸራ አትመኙ።

የመጀመሪያው ሰዓት ምን ይመስላል?

ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ይጀመራል፤ ቦርዱ በረጅም ገመድ ከመልሕቅ ጋር ቢታሰር ደግሞ ግሩም ነው። ነፋሱን ከጀርባ አድርገው ቦርዱ ላይ ተንበርክከው ይወጣሉ፣ ከዚያ የምሰሶውን ግርጌ በሁለት እግር መካከል አድርገው ይቆማሉ። ገመዱን ይዘው ሸራውን ሲያነሱ ሁሉም ሰው የሚሠራት ስሕተት አለች፤ ጎንበስ ብሎ በወገብ መጎተት። ሸራው ላይ የተኛው ውሃ ከባድ ነው። ጉልበትን አጠፍ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ በሰውነት ክብደት ወደ ኋላ መደገፍና መጠበቅ ነው፤ ውሃው በራሱ ጊዜ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፣ ሸራውም በድንገት ይቀልላል። ያኔ ገመዱን እንደያዙ ወደ ኋላ የሚወድቁት ብዙ ናቸው።

ሸራው ከቆመ በኋላ ነፋሱ ወደሚሄድበት እየተርገበገበ ይንጠለጠላል። የፊት እጅ ቡሙን ይይዛል፣ ምሰሶው ወደ ሰውነት ይቀርባል፣ የኋላው እጅ ይከተልና ቀስ ብሎ ይስባል። ሸራው ይሞላል፣ ቦርዱ ይነሳል። ለማቆም የኋላውን እጅ መልቀቅ ነው። ይህችን «ስቦ መልቀቅ» አሥር ጊዜ ሳይደግም የሚሄድ ሰው ፍሬን ሳይሞክር ባጃጅ እንደሚያስነሳ ሹፌር ነው።

መውደቅ አይቀርም። እግር ወይም ጭንቅላት ቀድሞ ሳይሆን በጀርባ ተንጋሎ ነው የሚወደቀው፤ ጥልቀቱ አይታወቅምና። ከውሃ ሲወጡ አንድ እጅ ከራስ በላይ ይነሳል፣ ምሰሶው እየወረደ ሊሆን ይችላል። ሸራው ከላይ ከተኛ በእጅ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርጉት መተንፈሻ ይገኛል፤ ከዚያ አንድ አቅጣጫ ይዞ መውጣት ነው።

ነፋሱ ቢወስደኝስ?

ቦርዱን አትልቀቁት። ቦርዱ አይሰጥምም፤ ከሩቅም ይታያል። የአንድ ሰው ጭንቅላት ግን በማዕበል መካከል ከ200 ሜትር እንኳ አይለይም። ዳርቻው ቅርብ መስሎ ቢታይም ቦርዱን ጥሎ መዋኘት ነው ሰው የሚያስበላው።

ነፋሱ ቀለል ያለ ከሆነ ሸራውን ቦርዱ ላይ አጋድሞ፣ በሆድ ተኝቶ፣ በእጅ እየቀዘፉ መመለስ ይሞከራል። ካልሆነ ሸራው ውሃ ውስጥ እንዳለ ይተዋል፤ የውሃ መልሕቅ ሆኖ መንሸራተቱን ያዘገያል። እርዳታ የሚጠየቀው ሁለት እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ ቀስ እያሉ ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው፤ ይህ በየትኛውም ባሕር የሚታወቅ ምልክት ነው። በአንድ እጅ ማውለብለብ ሰላምታ ይመስላል፣ ሰላምታም ይመለስላችኋል።

ምልክቱን የሚያይ ሰው ግን መኖር አለበት። ከመግባት በፊት ዳር ለተቀመጠ ሰው «በዚህ ሰዓት ካልተመለስኩ» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። የወደቡና የጦር ሰፈሮቹ አካባቢ ጨርሶ አይቀረብም።

ሐረማያስ ቅርብ አይደለም?

ደርቆ ኖሮ በቅርብ ዓመታት እንደገና ውሃ የያዘው ሐረማያ በመንገድ ሲያልፉ ልብን ይሰርቃል። ሆኖም ጭቃማና ጥልቀቱ የተዘበራረቀ ውሃ ለመውደቅ አይመችም። በጨው ውሃ ውስጥ የሌለው ቢልሃርዚያም በረጋ የሐይቅ ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከሐይቆቻችን ለዚህ ስሙ የሚነሳው ላንጋኖ ነው። ላንጋኖ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ነፋስ ከባሕር ዳር ይልቅ 15 በመቶ ያህል ያነሰ ይገፋል። ለጀማሪ ይህ ጸጋ ነው።

መመለስ መማሬን በምን አውቃለሁ?

በነጠላ ጫማ። ከመግባታችሁ በፊት ነጠላ ጫማችሁን ውሃው አፍ ላይ፣ ማዕበል በማይደርስበት አስቀምጡት። ሃያ ሜትር ሂዱ፣ ሸራውን ጣሉ፣ ቦርዱን አዙሩ፣ ተመለሱ። የወጣችሁበት ቦታ ከጫማው ወደ ነፋሱ መድረሻ ምን ያህል እንደራቀ በእርምጃ ቁጠሩ። ያቺ «ትንሽ ትንሽ» ያልኳት መንሸራተት ልኳ ይኸው ነው። ቁጥሩ ሳይቀንስ ርቀቱን አትጨምሩ፤ ሃያ ሜትሩ ሃያ ሜትር ሆኖ ይቆይ።

ከዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ በኋላ ዓመት ቆይቼ፣ በጥር፣ ተመልሼ ስወርድ እንዲህ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት 64 እርምጃ፣ ምሳ ሳይደርስ 41፣ በማግስቱ 18። በሦስተኛው ቀን ከጫማዬ አልፌ በነፋሱ መምጫ በኩል ወጣሁ። የጫማዬን አንዱን እግር ማዕበል ወስዶት ነበር፤ ወደ ነጋድ ባቡር ጣቢያ በተዋስኩት ጫማ ሄድኩ።